ለንደን ውስጥ ልብስ ለማየት

ትልቅ ከተማ የሄደ ሰው ልብስ የሚያየው አብዛኛውን ጊዜ ሱቅ ውስጥ ነው፤ ዓይኑም ከልብሱ ቀድሞ ዋጋው ላይ ያርፋል። ለንደን ግን ዋጋ ያልተለጠፈበት፣ የማይሸጥና የማይለወጥ ልብስ በክብር ቆሞ የሚታይበት ቤት አላት። ደቡብ ኬንሲንግተን ያለው የቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ነው፤ የከተማው ሰው በአጭሩ ቪ ኤንድ ኤ ይለዋል። ልብስ እንደ ሥዕል ተረጋግቶ ሊታይ የሚገባው ነገር መሆኑን ለመማር ከዚህ የተሻለ መነሻ አላውቅም። እኛ ኢትዮጵያውያን ደግሞ ወደዚያ የምንሄድበት ሌላም ምክንያት አለን፤ ቀስ ብዬ እደርስበታለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመቶች፣ ዓ.ም. ካላልኩ በቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሙዚየሙ የተመሠረተው በ1852 ነው። በዋዜማው ዓመት ሃይድ ፓርክ ላይ ከተካሄደው ታላቁ ኤግዚቢሽን በተገኘ ትርፍ ተቋቋመ። ዓላማው የነገሥታት ሀብት ማከማቸት አልነበረም። የእጅ ባለሙያው፣ የፋብሪካ ሠራተኛውና ተራው ሕዝብ ጥሩ የተሠራ ነገር አይቶ እንዲማር ታስቦ ነው። ስለዚህ እዚያ ወንበር፣ ሳህን፣ የበር እጀታ፣ ምንጣፍ፣ ጌጣጌጥና ቀሚስ ከሥዕልና ከቅርጻ ቅርጽ እኩል ቦታ አላቸው። ልብስ ሰፊ ወይም ሸማኔ የሆነ ሰው እዚህ ሲገባ እንግዳ አይደለም፤ ቤቱ የተሠራው ለእሱ ነው።

ወደ ቋሚ አዳራሾቹ መግባት ነፃ ነው። ለጥቂት ወራት ብቻ የሚቆዩት ልዩ ኤግዚቢሽኖች ግን አብዛኞቹ በቲኬት ናቸው፤ ዝነኞቹ ደግሞ ቲኬታቸው አስቀድሞ ያልቃል። በ2015 የእንግሊዛዊው የፋሽን ዲዛይነር የአሌክሳንደር ማክዊን ሥራዎች ሲቀርቡ ወደ 493 ሺህ ሰው ገብቶ አይቷቸዋል፤ በመጨረሻዎቹ ቅዳሜና እሁዶች ሙዚየሙ ሌሊቱን ሙሉ ክፍት እስከመሆን ደርሶ ነበር። እንዲህ ያለውን ለማየት የፈለገ ቲኬቱን በኢንተርኔት ቀድሞ ይያዝ፤ ከቻለም ከሥራ ቀናት አንዱን ይምረጥ። ዓርብ ሙዚየሙ እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ስለሚቆይ ከሥራ ወጥቶ ለሚሄድ ሰው ይመቻል። ደቡብ ኬንሲንግተን ባቡር ጣቢያ ሲወርዱ ወደ ሙዚየሞቹ የሚወስድ የምድር ውስጥ መተላለፊያ አለ፤ ዝናብ ሳይነካዎት ይደርሳሉ።

ልብስ ወደሚታይባቸው ክፍሎች ሲገቡ መጀመሪያ የሚያስገርምዎት ጨለማው ነው። ብዙ ጎብኚ መብራት የቆጠቡ ይመስለውና ቅር ይለዋል። ምክንያቱ ሌላ ነው። ብርሃን ክርን ያደክማል፣ ቀለምንም ያነጣል፤ አንዴ የነጣ ቀለም ደግሞ በምንም ጥበብ አይመለስም። ጉዳቱ በየቀኑ ተደምሮ ስለሚከማች የሙዚየም ባለሙያዎች ለጨርቅ የሚፈቅዱት ብርሃን 50 ሉክስ ገደማ ብቻ ነው። በዚህም የተነሳ አንድ ቀሚስ የተወሰነ ጊዜ ለዕይታ ከቆየ በኋላ ወደ ግምጃ ቤት ተመልሶ በጨለማ ያርፋል፤ ከዓመታት በፊት ያዩት ልብስ ዛሬ በቦታው ላይኖር ይችላል። በር ላይ ትንሽ ቆም ይበሉ። ዓይንዎ ጨለማውን ሲለምድ፣ መጀመሪያ ጥቁር መስሎ የታየዎት ቀሚስ ወይን ጠጅ ወይም ጥቁር አረንጓዴ ሆኖ ብቅ ይላል።

ቀጥሎ የሚመጣው ትልቁ ፈተና ብዛቱ ነው። ሁሉንም ላዳርስ ያለ ሰው ምንም ሳያይ ይወጣል። የእኔ ምክር በአንድ ጉብኝት ሁለት አዳራሽ፣ በአዳራሹም ውስጥ ሦስት ወይም አራት ልብስ ብቻ መምረጥ ነው። ለእያንዳንዱ ጊዜ ይስጡት። መጀመሪያ ራቅ ብለው ቅርጹን ይመልከቱ፤ ወገቡ የት ነው፣ ትከሻው ሰፍቷል ወይስ ጠቧል፣ ይህን የለበሰች ሴት መሮጥ ትችል ነበር? መቀመጥስ? ከዚያ ይጠጉና ስፌቱን ይፈልጉ። የእጅጌውና የብብቱ መጋጠሚያ፣ የቅምቅማቱ ስፋት፣ የገበሩ ጠርዝ የሰፊውን ሙያ የሚያጋልጡ ቦታዎች ናቸው። ሽሮ ሜዳ ነጠላ የገዛ ሰው ሁሉ ይህን ያውቃል፤ ጨርቁን ወደ ብርሃን አንስቶ ማየት፣ ጥለቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ መመጣጠኑን መመርመር ለእኛ አዲስ አይደለም። ሙዚየም ውስጥ እጅ ይከለከላል እንጂ ያው ዓይን ነው የሚሠራው።

እርሳስና ወረቀት ይዞ መግባት ይፈቀዳል፤ እጅግ የምመክረውም ይህንን ነው። ሥዕል መቻል አያስፈልግም። የአንድን አንገትጌ መስመር ለመሳል የሞከረ ሰው፣ በስልክ መቶ ፎቶ ካነሳው ይልቅ ያየውን ያውቃል። ልጆች ይዘው ከሄዱ ደግሞ እርሳሱ ብዙ ድካም ያቀልልዎታል።

ልብስ ከውጭ የማይታይ ሌላ ሥራም በውስጡ ይዟል። ሙዚየሙ በ2017 ስለ ስፔናዊው የፋሽን ዲዛይነር ክሪስቶባል ባሌንሲያጋ ኤግዚቢሽን ሲያዘጋጅ፣ ኒክ ቬዚ የተባለ አርቲስት ቀሚሶቹን ራጅ አነሳቸው። ሐኪም ቤት ለተሰበረ አጥንት በምንጠቀምበት በዚያው ራጅ፣ በሐሩ ሥር የተደበቀው አፅም ወጣ፤ ጨርቁን የሚሸከሙ ቀጫጭን ዘንጎች፣ ቀሚሱ ሲሄዱ እንዳይነሳ ጫፉን ወደ ታች የሚስቡ ትናንሽ ክብደቶች። እንደ አየር የቀለለ የሚመስለው ልብስ እንደ ሕንፃ የታነጸ ነበር። ይህን ያወቀ ሰው ከዚያ በኋላ የትኛውም የሚያምር ቀሚስ ፊት ሲቆም «ይህን ምን ይዞት ነው የቆመው?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ማክዊን ደግሞ በ2001 ስብስቡ ከባሕር ዳር ከሚለቀም ረጅም ቀጭን ዛጎል ቀሚስ ሠርቷል። እንዲህ ያለውን ከማድነቅ ወይም ከመንቀፍ በፊት ዛጎሉ እንዴት ተበሳ፣ በምን ተያያዘ፣ የለበሰችው ስትራመድስ ምን ድምፅ ያሰማ ነበር ብሎ ማሰብ ይቀድማል።

ሥዕልና ጨርቅ የማይነጣጠሉበትን ቦታ ማየት የሚፈልግ ሰው የሠዓሊውን የራፋኤልን አዳራሽ አይለፈው። እዚያ ያሉት ሰባት ግዙፍ ሥዕሎች ራፋኤል በ1515 ገደማ ለሮማው ጳጳስ ለሊዮ 10ኛ የሠራቸው ናቸው። ሥዕል ሆነው እንዲቀሩ ግን አልታሰበም ነበር። ሲስቲን ቤተ ጸሎት ግድግዳ ላይ ለሚሰቀሉ ምንጣፍ መሰል ሽመናዎች ንድፍ ነበሩ። ብራስልስ ያሉ ሸማኔዎች ሥዕሎቹን በረጃጅሙ ቆራርጠው፣ ከሽመና ዕቃው ሥር አኑረው፣ በሱፍ፣ በሐርና በወርቀ ዘቦ ሠሯቸው። ሸማኔው የሚሠራው ከጀርባ በኩል ስለሆነ ምስሉ ይገለበጣል፤ ራፋኤልም ይህን አስቦ ሁሉንም ግራና ቀኙን ለውጦ ነው የሳለው። ወረቀቱ ላይ የተቆረጠበትና ተመልሶ የተጣበቀበት መስመር ዛሬም ልብ ብሎ ላየ ሰው ይታያል። ቆሜ ሳየው የምደነቀው በሠዓሊው ብቻ አይደለም። የፊት ጥላንና የውኃን ነጸብራቅ በማግና በድር መመለስ የቻሉትን ሸማኔዎች አስባለሁ፤ የእነሱን ስም ግን የሚያውቅ ጥቂት ነው።

የስም ነገር ከተነሳ ወደ መግለጫ ጽሑፉ እንምጣ። ከእያንዳንዱ ዕቃ አጠገብ ባለች ትንሽ ካርድ ላይ ብዙ ሰው የሚያነበው የመጀመሪያውን መስመር ብቻ ነው። እኔ ግን ከታች ይጀምሩ እላለሁ። ዕቃው ከምን እንደተሠራ፣ የት እንደተሠራ፣ በስጦታ ይሁን በግዢ ወይም በኑዛዜ እንደገባ የሚናገረው እዚያ ነው። የመዝገብ ቁጥሩ ብዙውን ጊዜ የሚያበቃው ዕቃው ወደ መዝገብ በገባበት ዓመት ነው፤ ይህ ከተሠራበት ዓመት ጋር መምታታት የለበትም። አንድ ልብስ ከማን ገላ ላይ ወጥቶ እዚህ መስታወት ውስጥ ደረሰ? ይህ ጥያቄ ከውበቱ ያላነሰ ነው።

እኛን በቀጥታ የሚነካን እዚህ ላይ ነው። በሙዚየሙ ስብስብ ውስጥ አንድ የጥጥ ቀሚስ አለ፤ ነጭ፣ አንገቱ፣ ደረቱና እጅጌው በባለ ቀለም ሐር የተጠለፈ። የእቴጌ ጥሩወርቅ ውቤ ነው፤ የዐፄ ቴዎድሮስ ሁለተኛ ሚስት፣ የደጃዝማች ውቤ ልጅ፣ የልዑል ዓለማየሁ እናት። የሙዚየሙ መዝገብ ጥሩነሽ ይላቸዋል። ዐፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ራሳቸውን ሠውተው፣ የእንግሊዝ ጦር አምባውን ዘርፎ ሲመለስ፣ እቴጌዋ ከጦሩ ጋር ወደ ሰሜን ሲጓዙ በግንቦት ወር መንገድ ላይ አረፉ። ሰባት ዓመት የሆነው ልጃቸው እንግሊዝ ደረሰ፤ በ18 ዓመቱ እዚያው ሞቶ ዊንዘር ተቀበረ። ቀሚሳቸውም እንግሊዝ ገባ።

ይህን ቀሚስ እንደማንኛውም ልብስ ማየት ይቻላል፤ ይገባልም። ጥበብ ሸማኔው እየሸመነ ከድርና ከማጉ ጋር የሚያስገባው ነው፤ ጥልፍ ግን ጨርቁ ካለቀ በኋላ በመርፌ ይጨመራል። ስለዚህ በዚህ ቀሚስ ላይ ቢያንስ የሦስት ሰው እጅ አለ፤ የፈተለችው፣ የሸመነውና የጠለፈው። ጥጡ የአገር ነው፤ ሐሩ ከባሕር ማዶ በንግድ የመጣ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የአንዲት እቴጌ ልብስ ምን ይመስል እንደነበር፣ ከቀይ ባሕር ንግድ ጋር ምን ያህል እንደተሳሰረ ከአንድ አንገትጌ ይነበባል። በዚያው ሙዚየም ስብስብ ውስጥ እቴጌ ምንትዋብና ልጃቸው ዳግማዊ ኢያሱ ለጎንደር ቁስቋም የሰጡት፣ በ1740 ገደማ የተሠራ የወርቅ ዘውድም ይገኛል፤ እሱም ከመቅደላ የተወሰደ ነው።

በ2018 መቅደላ በተዘረፈ በ150ኛው ዓመት ሙዚየሙ ዘውዱንና ቀሚሱን ጨምሮ 20 ዕቃዎችን ለብቻ አቅርቦ ነበር። የወቅቱ ዳይሬክተር ትሪስትራም ሀንት ዕቃዎቹ ለረጅም ጊዜ በውሰት ለኢትዮጵያ ሊሰጡ እንደሚችሉ ተናገሩ፤ ኢትዮጵያ የጠየቀችው ግን ውሰት ሳይሆን መመለስ ነው። በ1983 የወጣው የእንግሊዝ የቅርስ ሕግ ሙዚየሙ ከስብስቡ ዕቃ አውጥቶ እንዳይሰጥ በእጅጉ ይገድበዋል። በእኔ እምነት የሟች እቴጌ ቀሚስ ቦታው አገሯ ነው፤ ሕግ ሰው ያወጣው ነው፣ ሰውም ሊያሻሽለው ይችላል። እስከዚያው ግን «የተዘረፈ ነውና አላይም» የሚለው አቋም አያሳምነኝም። ሄዶ በደንብ ያየ፣ ጥልፉን ለይቶ የሚናገር ሰው ስለ መመለሱ ሲከራከር ቃሉ ክብደት አለው።

ሙዚየሙ ራሱ ስለ አፍሪካ የሚናገርበት መንገድ እየተለወጠ መሆኑም መነገር አለበት። በ2022 የከፈተው የአፍሪካ ፋሽን ኤግዚቢሽን ከነፃነት ዓመታት ተነስቶ እስከ ዛሬ ያሉ ከ20 በላይ አገሮች የመጡ ዲዛይነሮችን ሥራ አሳይቷል፤ እንደ ናይጄሪያዊቷ ሻዴ ቶማስ ፋም ያሉ ቀዳሚዎች በስማቸውና በሙሉ ክብራቸው ቀርበዋል። ልብሶቹ «የጎሳ አልባሳት» ተብለው በጅምላ አልተደረደሩም፤ እያንዳንዱ የአንድ ሠሪ ሐሳብ ሆኖ ነው የታየው።

አዲስ ነገር ደግሞ አለ። በግንቦት 2025 ሙዚየሙ በምሥራቅ ለንደን፣ ስትራትፎርድ ያለው የኦሎምፒክ ፓርክ ውስጥ ግምጃ ቤቱን ለሕዝብ ከፍቷል። ከሩብ ሚሊዮን በላይ ዕቃ መደርደሪያ ላይ እንዳለ ይታያል፤ መግቢያው ነፃ ነው። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ማንም ሰው፣ የጥናት ወረቀት ሳይጠየቅ፣ እስከ አምስት ዕቃ መርጦ ቢያንስ ከሁለት ሳምንት በፊት በኢንተርኔት ቀጠሮ ማስያዝ መቻሉ ነው። በመጀመሪያዎቹ ወራት ብዙ ሰው ከጠየቃቸው ዕቃዎች አንዱ በ1954 የተሠራ ሮዝ የባሌንሲያጋ የምሽት ቀሚስ ነበር። የእኛን አገር ጨርቅ የሚፈልግ ሰው የሙዚየሙን የኢንተርኔት መዝገብ «ኢትዮጵያ» ብሎ ብቻ ሳይሆን «አቢሲኒያ» እና «ማግዳላ» ብሎም ይፈልግ፤ የድሮ መዝጋቢዎች የጻፉት እንደዚያ ነው። ለቀጠሮ ክፍት ከሆነ ቁጥሩን ይያዙና ይጠይቁ። በቀጠሮው ቀን ባለሙያዋ ጨርቁን ጠረጴዛ ላይ ስትዘረጋልዎት፣ የሚቻል ከሆነ ጀርባውን እንድታሳይዎት ይለምኗት፤ ጠላፊው ክሩን የት ጀምሮ የት እንደቋጠረው የሚታየው በዚያ በኩል ነው።