‘ጠበቀ’ ስለሚለው ግስ

በእንግሊዝኛ ‘ፕሮቴክት’ የሚለው ግስ ከላቲን የተገኘ ሲሆን፣ ጥንተ ትርጉሙ ከፊት መሸፈን ማለት ነው። ዐማርኛ በመማር ላይ ያሉ ሹማምንት ይህን ቃል ባገኙ ቊጥር ‘ጠበቀ’ ብለው ይተረጕሙታል። ትርጓሜው ስሕተት አይደለም፤ ነገር ግን ‘ጠበቀ’ ሁለት ሥራ ያለው ግስ ስለ ሆነ፣ አንዱን ብቻ የሚያውቅ ሰው መሥሪያ ቤቱን ሊያስቸግር ይችላል።

ለአንድ የመጋዘን ኀላፊ «ዕቃውን ይጠብቁ» የሚል ደብዳቤ ደረሰው እንበል። ዕቃው ገና በመንገድ ላይ ከሆነ፣ እስኪመጣ ይቈዩ ማለት ነው። በመጋዘን ውስጥ ካለ ግን፣ ሌባ እንዳይወስደው ዘብ ይቁሙ ማለት ነው። «ትእዛዙን ይጠብቁ» የሚለው ደግሞ ከዚህ ይብሳል፤ አንዱ ትእዛዝ እስኪደርሰው እጁን አጣጥፎ ሲቀመጥ፣ ሌላው የደረሰውን ትእዛዝ አክብሮ ይፈጽማል፤ ሁለቱም በቃሉ መሠረት ሠርተዋል። መንገደኛ ለባልንጀራው «ጠብቀኝ» ቢል እስክደርስ ቁም ማለቱ ሲሆን፣ ጸሎተኛ ለፈጣሪው ይህንኑ ቃል ሲናገር ከክፉ ሰውረኝ ማለቱ ነው። እኛ ትግርኛ ተናጋሪዎች ለዘብ ‘ሐለወ’፣ ለመቈየት ‘ተጸበየ’ ስለምንል፣ ይህ ነገር ከእንግሊዞች ባላነሰ ያስቸግረናል።

ስለዚህ ጸሓፊው ‘እስኪ’ን እና ‘ከ’ን ረዳት ያድርግ። «ትእዛዝ እስኪደርስዎ ይጠብቁ»፣ «ዕቃውን ከሌባ ይጠብቁ» ቢል የሚጠራጠር አይኖርም።

ሌላም ችግር አለ። ፊደላችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን ድምፅ ለይቶ አያሳይም። «ዘበኛው ይጠብቃል» ስንል ‘ብ’ን አጥብቀን፣ «ገመዱ ይጠብቃል» ስንል ግን አላልተን እናነባለን። የመጀመሪያው መጠበቅ፣ የሁለተኛው መጥበቅ ነው። የሚያስቀው ነገር፣ መምህራን «ይህ ቃል ጠብቆ ይነበባል» ሲሉ፣ ‘ጠብቆ’ የሚለው ቃል ራሱ ‘ብ’ው ላልቶ መነበቡ ነው።

በፍርድ ቤት የተከሳሹ ወገን የሚከራከርለት ‘ጠበቃ’ ይባላል። በፊቱ የሚቆመው ከሳሽ ደግሞ ‘ዐቃቤ ሕግ’ ነው፤ ይኸውም በግእዝ ጠበቀ ማለት ከሆነው ‘ዐቀበ’ የወጣ ነው። እንግዲህ ሁለቱም ተከራካሪዎች በስማቸው ጠባቂዎች ናቸው፤ አንዱ ለሰው፣ አንዱ ለሕግ።

ከሁሉ ይልቅ ጥንቃቄ የሚያሻው ግን ‘ተከላከለ’ ነው። ይህ ግስ ‘ከለከለ’ ከሚለው የመጣ ስለ ሆነ፣ ብዙ ጊዜ ተሳቢው የሚመጣው ጕዳት እንጂ የሚጠበቀው ሰው አይደለም። «በሽታን መከላከል» ትክክል ነው። አንዲት እናት «ልጆቼን እከላከላለሁ» ብትል ግን፣ ልጆቿን እንደ ጠላት የምትመክት ይመስላል፤ «ልጆቼን ከበሽታ እጠብቃለሁ» ማለት ይገባታል። ለዝናብና ለፀሓይ ደግሞ ‘አስጠለለ’ የተሻለ ነው፤ ‘መጠለያ’ም የወጣው ከዚሁ ነው።

ከእንግሊዝኛው ግስ ‘ፕሮቴክቶሬት’ የሚል የመንግሥታት ቃልም ወጥቷል። እንግሊዝኛው ጠባቂ ነኝ ከሚለው መንግሥት ወገን ሆኖ ሲናገር፣ በዐማርኛ የምንለው ‘ጥገኛ ግዛት’ ግን በሌላው ላይ የተጠጋውን አገር ያሳያል፤ በእኔ አስተያየት የእኛው ቃል እውነቱን ይበልጥ ይገልጻል። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በተፈረመው የውጫሌ ውል፣ በ17ኛው አንቀጽ፣ የዐማርኛው ጽሑፍ ዳግማዊ ምኒልክ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ለሚኖራቸው ጕዳይ በኢጣሊያ መንግሥት አጋዥነት መጠቀም ይቻላቸዋል ሲል፣ የኢጣሊያንኛው ግን ግዴታ አደረገባቸው። ኢጣሊያም በዚሁ ተመርኵዛ ኢትዮጵያ በእኔ ጥበቃ ሥር ናት ብላ ለአውሮፓ መንግሥታት አስታወቀች። ክርክሩ በወረቀት ሳያልቅ ቀርቶ፣ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዐድዋ ላይ በጦርነት ተቈረጠ።