እንቢ ያለ ብሎን እንዴት ይፈታል?

አሮጌ ሞተር ብስክሌት ላለው ሰው ትልቁ ጠላት የሞተሩ እርጅና አይደለም፤ የዛገ ብሎን ነው። ሞተር ቢያረጅም መለዋወጫ እየተቀየረለት ብዙ ዘመን ያገለግላል። ብሎን ተሰብሮ ውስጥ ከቀረ ግን የጤና ሠራተኛው መድኃኒት፣ የግብርና ሠራተኛው ዘር፣ የነጋዴውም ዕቃ ባለበት ይቆማል። በላስታ ደጋ ይህ ቀላል ጉዳት አይደለም። ከላሊበላ እስከ ጋሸና ብቻ 64 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከዚያም ወደ ወልድያ ገና ረጅም መንገድ ይቀራል። ስለዚህ በክረምት ዕረፍት ወደየአገራቸው ለሚገቡ ጓደኞቻችን ስለ ብሎን አፈታት ጥቂት ማስረዳት ጠቃሚ ሆኖ ታይቶናል።

በመጀመሪያ፣ ብሎን ለምን እንቢ ይላል? ከአሸተን ማርያም ተራራ ሥር ባሉት መንገዶች በክረምት ጭቃ፣ በበጋ አቧራ ነው። ውሃው በብሎኑ ጥርስ መካከል ይገባና ያዝገዋል። ዝገት ደግሞ ከተገኘበት ብረት የበለጠ ቦታ ስለሚይዝ በጥርሱ መካከል እንደ ሽብልቅ ይወጠራል። ከዚህም በላይ የሞተሩ ሽፋን አሉሚኒየም፣ ብሎኑ ግን ብረት ነው። ሁለቱ በእርጥበት ሲገናኙ አሉሚኒየሙ እየተበላ ነጭ ዱቄት ያወጣል፤ ይህም ብሎኑን አጣብቆ ይይዘዋል። እንዲህ የተያዘውን በጉልበት ብቻ ቢታገሉት የሚለቀው ብሎኑ ሳይሆን የብሎኑ ራስ ነው።

እንግዲህ ሥራው ቅደም ተከተል አለው። አንደኛ፣ ጭቃውንና ዝገቱን በሽቦ ብሩሽ ማጽዳት። ሁለተኛ፣ ልኩ የሆነውን ቁልፍ መምረጥ ነው። ባለ ስድስት ጎን ቁልፍ የብሎኑን ጎኖች በሙሉ ስለሚይዝ ባለ ዐሥራ ሁለት ጎኑን ይመረጣል። በአሮጌ የጃፓን ሞተሮች ላይ ያሉት መስቀለኛ ብሎኖች የራሳቸው ልክ አላቸው፤ አሜሪካዊው ሄንሪ ፊሊፕስ እ.ኤ.አ. በ1936 ባስመዘገበው ዓይነት ካቻቢቴ ሲፈቱ ብዙ ጊዜ ያንሸራትታሉና ለጃፓኑ ልክ የተሠራውን መፈለግ ይበጃል። ብሎን ወደ ግራ ሲዞር ይፈታል፤ ነገር ግን የያማሃ የቀኝ መስተዋት በተቃራኒው ስለሆነ ይህን ሳያውቁ የሚታገሉት ያጠብቁታል።

ሦስተኛ፣ ቀጭን ዘይት ማጠጣት። ለዚሁ የተሠራው ካልተገኘ ናፍጣ ወይም ላምባ ጥቂት ይረዳል። ዋናው ነገር ጊዜ መስጠት ነው፤ ማታ አጠጥቶ ጧት መመለስ። አራተኛ፣ የብሎኑን ራስ በመዶሻ ደጋግሞ ቀስ ብሎ መምታት፤ ንዝረቱ ዝገቱን ይሰነጥቀዋል። አምስተኛ፣ በመጀመሪያ በጥቂቱ ማጥበቅ፣ ከዚያ መፍታት። ሩብ ዙር ከሄደ በኋላ ከጠበቀ መልሶ ዘይት አጠጥቶ ወደፊትና ወደኋላ ማመላለስ ያስፈልጋል።

ይህም ሁሉ ካልበቃ ሙቀት አለ። አሉሚኒየም ሲሞቅ ከብረት እጥፍ ያህል ስለሚሰፋ ብሎኑን ሳይሆን ዙሪያውን ማሞቅ ነው። በላሊበላ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ቢሆንም፣ በፈላ ውሃ የተነከረ ጨርቅ ደጋግሞ ማድረግ ለብዙ ትናንሽ ብሎኖች ይበቃል። እሳት ግን የነዳጅ ታንከር ባለበትና ዘይት በፈሰሰበት ፈጽሞ አይቀርብም።

በደጋ አገር ከሁሉ ይልቅ ጥንቃቄ የሚያሻው ካንዴላ ነው። ላሊበላ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ነው፤ አሸተን ማርያም ከ3,000 ሜትር ያልፋል። በዚህ ከፍታ አየሩ ስስ ስለሆነ ካርቡሬተሩ ለቆላ የተስተካከለ ሞተር ነዳጅ ይበዛበታል፤ ካንዴላውም ጥላሸት ይለብሳል። ስለዚህ ቶሎ ቶሎ መፍታት ግድ ይሆናል። መፍታቱ ሞተሩ ከበረደ በኋላ ይሁን፤ ሲመለስም እስኪደርስ ድረስ በጣት ብቻ ይዙር። የቴስታታው ጥርስ አንድ ጊዜ ከተበላ የሚድነው በቶርኖ ቤት ነው።

ብሎኑ ከተሰበረስ? ጫፉ ወጥቶ ከታየ በሰጌቶ ስንጥቅ አውጥቶ በካቻቢቴ መሞከር፣ ወይም በያጅ ዳዶ እንዲበይድበት ማድረግ ይቻላል። ውስጥ ከገባ ግን በትራፓኖ መብሳት የባለሙያ ሥራ ነው። የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ የተባለው እዚህ ላይ ይደርሳል። የወጣውን ብሎን ሲመልሱም ጥርሱን አጽድቶ ጥቂት ግሪስ መቀባት የሚቀጥለውን ዓመት ትግል ያስቀራል።

ከኛ ከተማሪዎች መካከል እጅን በዘይት ማቆሸሽ የማዕረግ መጉደል የሚመስለው አይጠፋም። ይህም ብረት ሠሪውን ቀጥቃጭ እያለ ሲንቅ ከኖረው አስተሳሰብ የወረስነው ነው። ነገር ግን የላስታን ዐለት ፈልፍለው ቤተ ክርስቲያን ያደረጉት በእጃቸው የሠሩ ሰዎች ናቸው። ከዐለት አንድ ጊዜ የተቀነሰ አይመለስምና የት እንደሚመቱ፣ መቼ እንደሚያቆሙ ማወቅ ነበረባቸው። ባለ ቁልፉም ከዚህ የተለየ ሕግ የለውም። በገጠር ጤና ጣቢያ ደጅ የቆመችን አንዲት አሮጌ ሞተር ማስነሣት የሚችል ተማሪ፣ ስለ አገር ዕድገት ከሚጽፈው ድርሰት የማያንስ ሥራ ሠርቷል እንላለን።