መዝገቦችን በጋራ መስኮቻቸው መመደብ፦ አሠራሩና የሚያስፈልገው ጥንቃቄ

በሐምሌ ወር 2016 ዓ.ም. ይፋ በተደረገው የአምስት ሚሊዮን ኢትዮጵያውያን ኮደሮች ኢኒሼቲቭ ከሚሰጡት ሥልጠናዎች አንዱ ዳታ ሳይንስ ነው። በዚህ ዘርፍ ጀማሪዎች ከሚለማመዷቸው ተግባራት መካከል መዝገቦችን በጋራ መስኮቻቸው መመደብ ይገኝበታል። ተግባሩ በጥቂት የኮድ መስመሮች የሚጠናቀቅ ቢሆንም፣ ውጤቱ ተገልጋዩ የሚያገኘውን አገልግሎት ሊወስን ስለሚችል ጥንቃቄ ይሻል።

በፓይተን የፕሮግራም ቋንቋ አንድ መዝገብ «ዲክሽነሪ» በሚባል አደረጃጀት ሊያዝ ይችላል። ዲክሽነሪ እያንዳንዱን መረጃ ከመጠሪያው ጋር አጣምሮ ይይዛል፤ ለምሳሌ «ሰፈር» በሚለው መስክ «ጉርድ ሾላ»፣ «ሥልጠና» በሚለው ደግሞ «ዳታ ሳይንስ» ይመዘገባል። የብዙ ሰዎች መዝገብ ሲሰበሰብ የዲክሽነሪዎች ዝርዝር ይሆናል።

ምደባው የሚጀምረው የጋራ መስኮችን በመምረጥ ነው። ፕሮግራሙ መዝገቦቹን በየተራ እያነበበ በተመረጡት መስኮች የሰፈረውን መረጃ እንደ አንድ ቁልፍ ይወስዳል። ቁልፉ አዲስ ከሆነ አዲስ ምድብ ይከፍታል፤ ቀድሞ ካለ መዝገቡን በነባሩ ምድብ ላይ ይጨምራል። ከአንድ በላይ መስክ ሲመረጥ መረጃዎቹ «ቱፕል» በተባለው የማይለወጥ አደረጃጀት ይጣመራሉ፤ ተለዋዋጭ ዝርዝር ለቁልፍነት አያገለግልምና። «ግሩፕባይ» የተሰኘውን የፓይተን መሣሪያ የሚጠቀሙ ደግሞ አስቀድመው መዝገቦቹን በዚያው ቁልፍ በቅደም ተከተል ሊያሰልፉ ይገባል፤ መሣሪያው የሚያሰባስበው ጎን ለጎን የተቀመጡትን ብቻ ነው።

ለማሳያ ያህል አምስት አመልካቾች ተመዘገቡ እንበል። ሁለቱ «ጉርድ ሾላ፣ ዳታ ሳይንስ»፣ አንዱ «ጉርድሾላ፣ ዳታ ሳይንስ»፣ አንዱ «ጉርድ ሾላ፣ አንድሮይድ»፣ አንዱ ደግሞ «መገናኛ፣ ዳታ ሳይንስ» ብለው ሞሉ። በሰፈርና በሥልጠና ሲመደቡ ሦስት ሳይሆን አራት ምድቦች ይገኛሉ። አንድ ክፍል ለመክፈት ቢያንስ ሦስት ሠልጣኝ ያስፈልጋል ከተባለ፣ ጉርድ ሾላ ሦስት የዳታ ሳይንስ አመልካቾች እያሏት ክፍሉ ሳይከፈት ይቀራል። ምክንያቱም አንድ ባዶ ቦታ ብቻ ነው።

በአማርኛ ጽሑፍ ችግሩ ይሰፋል። «ፀሐይ» እና «ጸሀይ» ለአንባቢ አንድ ስም ሲሆኑ፣ ዩኒኮድ ለእያንዳንዱ ፊደል የተለየ ቁጥር ስለሚሰጥ ለኮምፒውተር ሁለት ስሞች ናቸው። የልደት ዘመንም በኢትዮጵያና በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ተቀላቅሎ ከተሞላ የ7 ወይም የ8 ዓመት ልዩነት ያመጣል።

በመሆኑም ከምደባ በፊት ትርፍ ባዶ ቦታዎችን ማስተካከል፣ ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸውን ፊደላት ወደ አንድ መልክ ማምጣትና የዘመን አቆጣጠሩን ለይቶ መመዝገብ ያስፈልጋል። እርማቱ ለቁልፉ ብቻ የሚውል ሲሆን፣ ባለጉዳዩ የሞላው መረጃ ሳይነካ መቀመጥ ይኖርበታል። ሰፈርን ከማስጻፍ ይልቅ ከተዘጋጀ ዝርዝር ማስመረጥም ስህተቱን ከምንጩ ይቀንሳል።

ይህም ሆኖ፣ ሰውን ለመለየት በስም መመደብ በቂ አይደለም። የራስ፣ የአባትና የአያት ስማቸው አንድ የሆነ ሁለት ሰዎች ሊኖሩ ይችላሉና፤ በስም ብቻ ቢመደቡ የአንዱ መዝገብ ከሌላው ጋር ይደባለቃል። በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 መሠረት የሚሰጠው የዲጂታል መታወቂያ ለእያንዳንዱ ተመዝጋቢ የተለየ፣ ባለ 12 አሃዝ የፋይዳ ቁጥር መያዙ ይህን ክፍተት ይሞላል። መዝገብ የሚያደራጁ ባለሙያዎች ኮዱ ያለ እንከን መሥራቱን ብቻ ሳይሆን፣ የተገኙት ምድቦች ከእውነታው ጋር መጣጣማቸውን ሊያረጋግጡ ይገባል።