ከምርቃና እስከ ጨብሲ

ጫት ከአወዳይ ገበያ ተጭኖ ሲከንፍ የሚያስቸኩለው ትርፍ ብቻ አይደለም፤ ኬሚስትሪም አለበት። በለጋው ቅጠል ውስጥ ዋናው አነቃቂ ካቲኖን የሚባል ንጥረ ነገር ነው። ቅጠሉ ተቀንጥሶ መጠውለግ ሲጀምር ካቲኖኑ ካቲን ወደሚባል፣ ኃይሉ እጅግ ወደደከመ ሌላ ንጥረ ነገር ይለወጣል። ሁለት ሦስት ቀን ያደረ ጫት ገዢ የሚያጣው ለዚህ ነው። የአውሮፓ ኬሚስቶች የሚደርሳቸው የደረቀ ቅጠል ስለነበር ለብዙ ዓመታት ሁሉንም ነገር በካቲን ሲያመካኙ ኖረው፣ ካቲኖን ተለይቶ የታወቀው ገና በ1975 እ.ኤ.አ. ነው።

አሠራሩ ከአምፌታሚን ጋር ይመሳሰላል። የነርቭ ሴሎች ያከማቹትን ዶፓሚንና ኖርአድሬናሊን እንዲለቁ ይገፋፋል፤ የተለቀቀውም ቶሎ እንዳይሰበሰብ ያግዳል። የቀረውን በርጫ ላይ የተቀመጠ ሁሉ ያውቀዋል፦ ወሬው ይጣፍጣል፣ ዕቅዱ ይበዛል፣ ርሃብ ይጠፋል፣ ልብ ይፈጥናል። ምርቃናው ሲወርድ ድብርት ይተካል፤ እንቅልፍ ግን አይመጣም።

በ2016 እ.ኤ.አ. በተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት ከወንዶች 27 በመቶ፣ ከሴቶች 12 በመቶ የሚሆኑት ጫት ቅመው እንደሚያውቁ ተናግረዋል። ይህ ማለት ሁሉም ሱሰኛ ናቸው ማለት አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት የባለሙያዎች ኮሚቴም በ2006 እ.ኤ.አ. ጉዳዩን መርምሮ ጫት በዓለም አቀፍ ቁጥጥር ሥር እንዲገባ አልመከረም። ቃሚዎች ይህን ሲሰሙ ደስ ይላቸዋል፤ «አላልኩህም? ልማድ እንጂ ሱስ አይደለም» ይላሉ።

ጫትን የሚገታው ግን የራሱ ባሕርይ ሳይሆን አፍ ነው። ቅጠል ተቅሞ፣ ተመጥጦ፣ ቀስ እያለ ወደ ደም ስለሚገባ መጠኑ በአንዴ አይንርም። በእስራኤል ካቲኖኑ በእንክብል ተሞልቶ «ሐጊጋት» በሚል ስም በየኪዮስኩ ሲሸጥ የሆነውን ማየት ይበቃል፤ የልብ ሕመምና የአንጎል ደም መፍሰስ ይዟቸው ሆስፒታል የገቡ ወጣቶች ነበሩ፤ በ2004 እ.ኤ.አ. ታገደ። ቅጠሉም ቢሆን ከልብ ጋር ጠብ አለው። ድንገተኛ የልብ ሕመም ሰውን የሚጥለው በብዛት ጠዋት ላይ ሲሆን፣ የመን ውስጥ በቃሚዎች ላይ የተደረገ ጥናት ግን ሰዓቱ ከቀትር በኋላ፣ ወደ መቃሚያው ጊዜ፣ እንደሚዞር አሳይቷል።

እኔን የሚያሳስበኝ ከዚህ በኋላ ያለው ሰዓት ነው። ሲመሽ ዓይኑ የፈጠጠ ሰው እንቅልፍ ይፈልጋልና ምርቃናውን «ለመስበር» ቢራ ወይም አረቄ ይይዛል። ጨብሲ ነው። ጠዋት በአልኮል የደነዘዘ፣ ያልተኛ ጭንቅላት ሐራራውን ይዞ ይነሣል፤ ለእሱም ገራባም ቢሆን ይፈለጋል። እንዲህ ሆኖ አነቃቂው አደንዛዡን፣ አደንዛዡም አነቃቂውን ሲጠራ ይኖራል፤ በመሐል ሲጋራው አለ፤ ሆድ ደግሞ ባዶ ነው። «ምን ትቅማለህ?» ተብሎ የሚጠየቀው ሰው ስለ ማታው ብርጭቆ የሚጠይቀው የለም፤ እሱም ራሱን ጠጪ ብሎ አይቆጥርም።

ይህ ሲታከሙ ትልቅ ልዩነት ያመጣል። ጫት ያቆመ ሰው ድካም፣ ንጭንጭና ድብርት ይይዘዋል፤ ሌሊት ዱካክ ያስጨንቀዋል። ከባድ ነው፤ ድብርቱ ከበረታም ክትትል ይፈልጋል። ይሁን እንጂ ሰውነቱ ራሱ ጫት በመቋረጡ ለሕይወት የሚያሰጋ አደጋ ላይ እምብዛም አይወድቅም። ለዓመታት በየማታው አብዝቶ ሲጨብስ የኖረ ሰው ግን አልኮሉን በአንድ ቀን ቢያቋርጥ መንቀጥቀጥ፣ መቃዠት፣ አልፎም ሊገድል የሚችል፣ ድንገት የሚጥል መንፈራገጥ ሊገጥመው ይችላል። ለጫት ሱስ የተፈቀደ መድኃኒት የለም፤ ምክርና ክትትል ነው ያለው። የአልኮሉ መቋረጥ ግን በመድኃኒት ይታገዛል። እንደ አማኑኤል ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ያለ የሱስ ሕክምና የሚሰጥበት ቦታ የሄደ ሰው ስለ ጫቱ ብቻ ተናግሮ ጨብሲውን ከደበቀ፣ ለሐኪሙ የደበቀው ዋናውን አደጋ ነው።