ዕድሜ ወይስ ችሎታ? የማርሻል አርት ሠልጣኞችን ስለ መመደብ



ዛሬ የማነሣው ጥያቄ ቀላል ይመስላል፦ በአንድ የማርሻል አርት ማሠልጠኛ ውስጥ ሠልጣኞችን መመደብ ያለብን በዕድሜ ነው ወይስ በችሎታ? ሆኖም አንድ ልጅ ስፖርቱን ወድዶ መቀጠሉን ወይም ተጎድቶ መተዉን የሚወስነው ብዙ ጊዜ የዚህ ጥያቄ መልስ ነው።

ከታሪኩ ልጀምር። ጂጎሮ ካኖ ጁዶን እ.ኤ.አ. በ1882 ቶኪዮ ውስጥ መሠረተ፤ በቀጣዩም ዓመት ለሁለት ደቀ መዛሙርቱ የመጀመሪያውን ዳን ሰጠ። ማዕረጉ የችሎታ መለኪያ ነበር። ይህ አሠራር ለእኛ እንግዳ አይደለም። በአብነት ትምህርት ቤቶቻችንም ተማሪው ከንባብ ወደ ዜማ፣ ከዚያም ወደ ቅኔ የሚሸጋገረው በዕውቀቱ ነው፤ የቀደመውም ጀማሪውን ያስጠናል።

በችሎታ መመደብ ለአሠልጣኙ ሥራውን ያቀልለታል፤ ትምህርቱም ደረጃውን ጠብቆ ይሄዳል። ነገር ግን ቀበቶ ስለ አካል ብስለት የሚነግረን ነገር የለም። ፈጣኑ የቁመት ዕድገት በአማካይ በሴቶች በ12፣ በወንዶች በ14 ዓመት ገደማ ጣሪያው ላይ ይደርሳል፤ ከልጅ ልጅ ያለው ልዩነት ግን ሰፊ ነው። አጥንት የሚያድግበት ክፍልም በዚህ ጊዜ ገና ስላልጠነከረ ለጉዳት የተጋለጠ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ አዳራሽ የ12 ዓመት ልጅ ከ17 ዓመት ጎረምሳ ጋር ስፓሪንግ ሲያደርግ ተመልክቻለሁ። ሁለቱም ሰማያዊ ቀበቶ ታጥቀው ነበር። ልጁ በመጀመሪያው ምት ወደቀ። አጥንቱ አልተሰበረም፤ ዳግመኛ ግን ወደ አዳራሹ አልተመለሰም። አሠልጣኙ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ያየው ቀበቶውን ብቻ ነው።

ዕድሜም ለብቻው አይበቃም። አራት ዓመት የሠለጠነ የ14 ዓመት ልጅ ትናንት ከጀመረ እኩያው ጋር ቢመደብ አንዱ ይሰለቻል፣ ሌላው ያፍራል።

የቴኳንዶ ተቋማት ሁለቱን መለኪያዎች አጣምረዋል። ኩኪዎን ለጥቁር ቀበቶ ደረጃ የበቁ ከ15 ዓመት በታች ያሉ ልጆችን በዳን ፈንታ ፑም በሚባል ማዕረግ ያስቀምጣል። በዓለም አቀፍ ውድድርም ታዳጊዎች ከ12 እስከ 14 እና ከ15 እስከ 17 ዓመት ተለይተው ይመደባሉ፤ በዚያም ላይ አካላዊ ልካቸው ይታያል።

እንግዲህ ጥያቄውን ለሁለት እንክፈለው። «ምን ይማር?» ለሚለው መልሱ ችሎታ ነው። «ከማን ጋር ይጋጠም?» ለሚለው ግን ዕድሜ፣ ክብደትና የሥልጠና ቆይታ አብረው መታየት አለባቸው።

አንድ አዳራሽና አንድ አሠልጣኝ ብቻ ቢኖርም ይህን መፈጸም ይቻላል። ሰውነት ማሟሟቂያውን ሁሉም በአንድነት ይሠራሉ። ቀጥሎ ለፑምሴና ለቴክኒክ በቀበቶ ይከፈላሉ፤ የቀደሙትም ጀማሪዎችን ያግዛሉ። ለስፓሪንግ ደግሞ በአካል እንደገና ይደለደላሉ። ልጅ በወራት ውስጥ ስለሚለወጥ ቁመቱና ክብደቱ በየሦስት ወሩ እየተለካ ቢመዘገብ መልካም ነው። ለዚህ ሥራ ሜትርና ሚዛን፣ አንድ ደብተርና ትጉህ አሠልጣኝ ይበቃሉ።

ያ ልጅ በዚያ ቀን ከእኩያው ጋር ተጋጥሞ ቢሆን ኖሮ ምናልባት ዛሬም ይሠለጥን ነበር።