የቆየ የጣሊያን ሞተር ብስክሌት አያያዝና የማርሽ ምርጫ

በሮቢት መንገድ ዳር ቁጭ ብላችሁ ባጃጅ ሲያልፍ ተመልከቱ። ነጂው በግራ እጁ የያዘውን እጀታ ጠምዘዝ ያደርጋል። ወዲያው የሞተሩ ድምፅ ይለወጣል። ነጂው ምን አደረገ? ማርሽ ቀየረ። ይህ እጀታ እየጠመዘዙ ማርሽ የመቀየር ዘዴ ከየት መጣ? ከጣሊያን አገር፣ ቬስፓ ከሚባለው ሞተር ብስክሌት ነው የመጣው።

ቬስፓ በጣሊያንኛ ተርብ ማለት ነው። ፒያጆ የሚባል ፋብሪካ በ1938 ዓ.ም. ሠርቶ አወጣው። ንድፉን የሠራው ኮራዲኖ ዳስካኒዮ የአውሮፕላን መሐንዲስ ነበር። በ1940 ዓ.ም. ደግሞ ያው ፋብሪካ ባለ ሦስት እግሩን አፔን ሠራ። አፔ ማለት ንብ ነው። ከዚያ በኋላ የህንዱ ባጃጅ ኩባንያ ከፒያጆ ፈቃድ አግኝቶ እንዲህ ያሉ ተሽከርካሪዎችን በአገሩ ይሠራ ጀመር። ስለዚህ ዛሬ ገበያ የሚያደርሰን ባጃጅ የተርቧና የንቧ ዘመድ ነው።

ከቬስፓ የሚቀድሙም አሉ። ሞቶ ጉዚ የተባለው ፋብሪካ የተቋቋመው በ1913 ዓ.ም. ነው። ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. አገራችንን ሲወር ሠራዊቱ ከመኪናው ጋር ሞተር ብስክሌትም ነበረው። እስከ 1933 ዓ.ም. በቆየበት ዘመን በወልድያ፣ በቆቦ፣ በአላማጣና በኮረም የሚያልፈውን የመኪና መንገድ ለራሱ ጥቅም ሲል ሠራ። ወራሪው ተባረረ። መንገዱና የጋራዡ ቋንቋ ግን ቀሩ። ጎማ፣ ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ካቻቪቴ፣ ፒንሳ የምንላቸው ሁሉ ከጣሊያንኛ የመጡ ቃላት ናቸው።

የቆየ ሞተር የገዛ ወይም ከዘመድ የወረሰ ሰው አያያዙን ማወቅ አለበት። ካላወቀ ሁለት ነገር ሊያጣ ይችላል። አንደኛው ገንዘቡ ነው። ሁለተኛው፣ ከሁሉ የከፋው፣ ሕይወቱ ነው።

ማርሽ ምንድን ነው?

ማሽላ የተሞላ ጆንያ ተሸክማችሁ ዳገት ስትወጡ እንዴት ትራመዳላችሁ? እርምጃችሁን ታሳጥራላችሁ። አካሄዳችሁ ይዘገያል፤ ጉልበታችሁ ግን ሸክሙን ይችላል። ሜዳ ላይ ባዶ እጃችሁን ስትሄዱስ? ሰፋ አድርጋችሁ ትራመዳላችሁ። ማርሽም እንደዚሁ ነው።

በ1ኛ ማርሽ ሞተሩ ብዙ ጊዜ ሲዞር ጎማው ጥቂት ብቻ ይዞራል። ፍጥነት ይቀንሳል፣ ጉልበት ይጨምራል። በ3ኛና በ4ኛ ማርሽ ነገሩ ይገለበጣል። ፍጥነት ይጨምራል፣ ጉልበት ይቀንሳል። የጥንቶቹ ቬስፓዎች 3 ማርሽ ነበራቸው። በኋላ የመጡት ብዙዎቹ 4 አላቸው።

ማርሽ ለመቀየር መጀመሪያ ፍሪሲዮን ይያዛል። ፍሪሲዮን ሞተሩን ከጎማው የሚያለያይ፣ ሲለቀቅም መልሶ የሚያገናኝ ክፍል ነው። በቬስፓ ላይ የፍሪሲዮኑ መያዣ በግራ እጅ በኩል ነው። እሱን ጨብጦ ጋዙን ቀነስ ማድረግ፣ እጀታውን መጠምዘዝ፣ ከዚያ ፍሪሲዮኑን ቀስ ብሎ መልቀቅ ነው። ዜሮ የሚገኘው በ1ኛና በ2ኛ ማርሽ መካከል ነው።

መቼ እንቀይር? ሞተሩ ራሱ ይናገራል። ጋዝ ሰጥታችሁት ካቃሰተና ከተንቀጠቀጠ ሸክሙ በዝቶበታል፤ ማርሽ ቀንሱ። ከመጠን በላይ ከጮኸ ማርሽ ጨምሩ። አንዳንድ ሰው፣ «ዳገቱን በ3ኛ ብወጣ ቤንዚን እቆጥባለሁ» ይላል። ተሳስቷል። እያቃሰተ የሚወጣ ሞተር ይግላል፣ ዕድሜውም ያጥራል። ዳገቱ ሳይጀምር፣ ሞተሩ ገና ጉልበት እያለው፣ አስቀድሞ መቀነስ ይሻላል።

ዘይትና ቤንዚን

የቆዩት ቬስፓዎች ዘይታቸውን የሚያገኙት ከቤንዚኑ ጋር ተቀላቅሎ ነው። ቤንዚኑ ሲቃጠል ዘይቱ ፒስተኑን ያለሰልሳል። ዘይት የሌለበት ንጹሕ ቤንዚን ከተሞላ ፒስተኑ ይግላል፣ በሲሊንደሩ ውስጥም ተጣብቆ ይቀራል።

መጠኑ ስንት ነው? ይህን የሚነግረን ጽሑፍ ነው። በሞተሩ መመሪያ ወይም በቤንዚን መሙያው አካባቢ የተጻፈውን ቁጥር አንብቡ። በጣም ከቆዩት ብዙዎቹ 5% ይላሉ። በኋላ የተሠሩት 2% ይላሉ። ስሌቱ እንዲህ ነው፦

ለ5 ሊትር ቤንዚን በ2% ሲሆን 100 ሚሊ ሊትር ዘይት ይጨመራል።
ለ5 ሊትር ቤንዚን በ5% ሲሆን 250 ሚሊ ሊትር፣ ማለት ሩብ ሊትር፣ ይጨመራል።

በግምት ማፍሰስ አይገባም። ዘይቱ ለዚሁ ዓይነት ሞተር የተሠራ ይሁን። ሲበዛ ጭሱ ይበዛል፣ ካንዴላው ይጠቁራል። ሲያንስ ሞተሩ ይሞታል።

እንደ ሞቶ ጉዚ ያሉትና ዛሬ የምናያቸው ብዙ ባጃጆች ግን ዘይታቸው ለብቻው ነው። በቤንዚናቸው ውስጥ ዘይት አይጨመርም። የእነሱን የዘይት ልክ ግን ሁልጊዜ ማየት ያስፈልጋል።

ቁልቁለት

ከአላማጣ ወደ ኮረም የሚወጣውን የግራ ካሕሱን ጠመዝማዛ የማያውቅ ራያ የለም። መውጣቱ ሞተርን ይፈትናል። መውረዱ ደግሞ ነጂውን ይፈትናል።

እንበልና አንድ ሰው ከኮረም ሲወርድ ቤንዚን ልቆጥብ ብሎ ማርሹን ዜሮ አደረገ። ከኋላው ልጁን አፈናጥጧል። ሞተሩ ከጎማው ተለያይቷል። አሁን የሚይዘው ፍሬን ብቻ ነው። መጠምዘዣ በመጣ ቁጥር ፍሬኑን ይረግጣል። የቆየ ሞተር ፍሬን በክብ ቆርቆሮ ውስጥ የተዘጋ ስለሆነ ሙቀቱ ቶሎ አይወጣም። ፍሬን ሲግል መያዝ ይተዋል። ያን ጊዜ ሰውየው ቢረግጥም ቢጨብጥም አይቆምም።

ስለዚህ ደንቡ ይህ ነው፦ ዳገቱን በወጣችሁበት ማርሽ ቁልቁለቱን ውረዱ። ያን ጊዜ ሞተሩ ራሱ ጎማውን ይይዛል። ፍሬን የሚረዳው ብቻ ይሆናል። በዜሮ መውረድ ወይም ፍሪሲዮን ይዞ መውረድ ክልክል ነው።

እዚህ ላይ ግን አንድ ጥንቃቄ አለ። ዘይቱ ከቤንዚን ጋር የሚመጣ ሞተር ጋዙ ሲዘጋ ዘይትም አያገኝም። ረጅም ቁልቁለት ጋዝ ዘግቶ ሲወርድ ፒስተኑ እየደረቀ ይሄዳል። ስለዚህ ቀጥ ያለ ቦታ ስታገኙ በየጊዜው ትንሽ ጋዝ ስጡት። ሰፋ ያለ ቦታ ሲገኝም ቆማችሁ ፍሬኑንና ሞተሩን አሳርፉ።

በመንገድ ላይ ሞተሩ ድንገት ድምፁ ቢለወጥና መያዝ ቢጀምርስ? ሳትዘገዩ ፍሪሲዮኑን ጨብጡ። ካልጨበጣችሁ የኋላ ጎማ ይቆልፋል፣ ይጥላችኋል። ቀስ ብላችሁ ዳር ያዙ፤ ሞተሩ እስኪቀዘቅዝም ጠብቁ።

ቀኝ እግርና ግራ እግር

የቆዩት የጣሊያን ሞተሮች ብዙዎቹ የእግር ማርሻቸው በቀኝ፣ የኋላ ፍሬናቸው በግራ ነው። በአሁኖቹ ሞተሮች ግን ማርሹ በግራ፣ ፍሬኑ በቀኝ ነው። የአሁኑን የለመደ ሰው በአሮጌው ላይ ሲወጣ ፍሬን ያዝኩ ብሎ ማርሽ ይረግጣል። ስለዚህ ባዶ ሜዳ ላይ ሳትለማመዱ መንገድ አትውጡ። የቬስፓው ደግሞ ሌላ ነው። የኋላ ፍሬኑ በቀኝ እግር የሚረገጥ ነው፤ የፊቱ ፍሬን በቀኝ እጅ ነው።

አሸዋና ወንዝ

የእኛ አገር ወንዞች፣ ጎሊናም ሆርማትም፣ በበጋ አሸዋቸው ሰፊ ነው። የቬስፓ ጎማ ትንሽ ስለሆነ አሸዋ ውስጥ ይሰምጣል። አሸዋ ከመግባታችሁ በፊት ማርሽ ቀንሱ። ከገባችሁ በኋላ ጋዙን አንድ ዓይነት አድርጋችሁ ያዙ። መካከል ላይ ማርሽ ለመቀየር ወይም ለመቆም አትሞክሩ።

በክረምት ወንዙ ውኃ ከያዘ መጀመሪያ በእግር ገብታችሁ ጥልቀቱን እዩ። የደፈረሰ ጎርፍ እየመጣ ከሆነ ግን በእግርም በሞተርም አይገባም፤ ዳር ሆኖ መጠበቅ ነው። ደጋ ላይ የዘነበ ዝናብ ሜዳው ላይ ፀሐይ እያለ ሊደርስ ይችላል። ከተሻገራችሁ በኋላ ፍሬኑ ስለረጠበ አይይዝም። ቀስ ብላችሁ እየነዳችሁ ፍሬኑን በስሱ ነካ ነካ አድርጋችሁ አድርቁት።

የዘወትር እንክብካቤ

ካንዴላውን በየጊዜው ፈትታችሁ እዩ። ጫፉ የተቆላ ቡና ቀለም ከመሰለ ሞተሩ ደኅና ነው። ጥቁርና እርጥብ ከሆነ ዘይት ወይም ቤንዚን በዝቷል። የነጣ ከሆነ ሞተሩ እየጋለ ነው፤ ለመካኒክ አሳዩት።

የራያ ሜዳ አቧራ ብዙ ነው። የአየር ማጣሪያው በአቧራ ከተዘጋ ሞተሩ አይተነፍስም፤ አጽዱት። የፍሪሲዮንና የፍሬን ሽቦ ጫፉ መበጣጠስ ከጀመረ መንገድ ላይ ሳይቆርጥ አስቀይሩት። ጎማውን ከመነሳታችሁ በፊት በእጃችሁ ተጭናችሁ እዩ። የቬስፓ የፊትና የኋላ ጎማ አንድ ዓይነት ስለሆነ አንድ መለዋወጫ ለሁለቱም ይሆናል። ስትነዱም ሁልጊዜ የራስ መከላከያ ቆብ አድርጉ፤ የምታፈናጥጡትም ሰው ያድርግ።

በሬውን የሚያውቅ ገበሬ ከደከመው አያርሰውም፤ እያቃሰተ አይገርፈውም። ሞተር በሬ አይደለም፤ ነገር ግን እሱም ድካሙን በድምፁና በሙቀቱ ያሳያል። አይቶና ሰምቶ የሚነዳ ሰው ከቤቱ ወጥቶ ወደ ቤቱ ይመለሳል።

ጥያቄዎች

1. ዳገት ሲወጣ ማርሽ የሚቀነሰው ለምንድን ነው?
2. መመሪያው 2% ቢል ለ10 ሊትር ቤንዚን ስንት ሚሊ ሊትር ዘይት ያስፈልጋል?
3. በዜሮ ማርሽ ቁልቁለት መውረድ ምን አደጋ ያመጣል?
4. በመንገድ ላይ ሞተር ድንገት መያዝ ሲጀምር መጀመሪያ ምን ይደረጋል?