አተርና ንብ በአንድ ክፍል

ድሬዳዋ የባቡር ከተማ ናት። ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነስቶ ድሬዳዋ የገባው በ1895 ዓ.ም. ነው። ዛሬ በገበያዋ ኦሮምኛ፣ ሶማልኛና አማርኛ ይሰማል። ከገጠሩ ቀበሌ የሚመጣው ልጅና የከተማው ልጅ ሁለተኛ ደረጃ ሲገቡ በአንድ ወንበር ይቀመጣሉ። እዚያ ሒሳቡም ሳይንሱም የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነው። ቃሉን ያልለየ ልጅ ትምህርቱ ያመልጠዋል። ብዙው ደግሞ «ይስቁብኛል» ብሎ አፉን ይዘጋል። አባት ፍየል ሸጦ ደብተር የገዛው ለዚህ አልነበረም።

ታዲያ ምላሱ ለምን እምቢ ይላል? ልጁ ሰነፍ ሆኖ አይደለም። ሶማልኛ «ፐ» የሚባል ድምፅ የለውም። በኦሮምኛም ከውጭ በመጡ ቃላት ካልሆነ አይገኝም። በአማርኛም ቢሆን በገጠር ፖሊስን «ቦሊስ» የምንል ስንት ነን! በእንግሊዝኛ «ፒ» አተር ነው፤ «ቢ» ግን ንብ ነው። አተር ዘራን ሊል የፈለገ ልጅ ንብ ዘራን ብሎ ቁጭ ይላል።

ለዚህ ጨዋታ ይረዳል። ከአሮጌ ደብተር ቀጭን ወረቀት ይቀደዳል። ልጁ ከከንፈሩ ፊት ይይዘዋል። «ፒ» ሲል ትንፋሹ ወረቀቱን ያርገበግበዋል። «ቢ» ሲል ወረቀቱ ብዙም አይነቃነቅም። ጆሮ ያልለየውን ዓይን ያያል።

ሌላም አለ። በአንዱ ግድግዳ አተር፣ በሌላው ንብ ይሳላል። መምህሯ ቃሉን ስትጠራ ልጆቹ ወደ ሰሙት ሥዕል ይሮጣሉ። ቀጥሎ አንዱ ተማሪ ይጠራል። ጓደኞቹ ወደ ሌላው ሥዕል ከሄዱበት ድምፁን አስተካክሎ እንደገና ይላል። ነጥቡ ለቡድን ይሁን። አንድን ልጅ ነጥሎ መሳቂያ የሚያደርግ ጨዋታ ከዝምታው ይብሳል።

ደግሞ «ሺፕ» የሚል ቃል አለ። አጠር ሲል መርከብ፣ «ሺ» ረዘም ሲል በግ ነው። አማርኛ እንዲህ ያለውን ማጠርና መርዘም አይለይም። ኦሮምኛና ሶማልኛ ግን ይለያሉ። በኦሮምኛ «ለፈ» መሬት ነው፤ ድምፁ ሲሳብ «ላፋ» ለስላሳ ማለት ይሆናል። ስለዚህ በበጉ ጨዋታ ወደ ተሳሳተው ግድግዳ የሚሮጠው ብዙ ጊዜ የአማርኛ ተናጋሪው ልጅ ነው። በአተሩ የተቸገሩት ጓደኞቹ አሁን እሱን ያስተምሩታል።

የወረቀቱን ጨዋታ ማታ እቤትም መሞከር ይቻላል። እንግሊዝኛ ባታውቁም፣ ወረቀቱ ሲርገበገብ ታያላችሁ።